በቀዘቀዘ ሐይቅ ላይ ከባድ መኪና ለመንዳት የግግሩ ውፍረት እንዴት ይታመናል?

ጥያቄ፦ አሽከርካሪው ከኤድመንተን

ጤና ይስጥልኝ፣ ወገኖቼ። በካናዳዋ አልበርታ አውራ ጎዳናዎች ላይ ባለ ተሳቢ መኪና የምነዳ ሹፌር ስሆን፣ ለሚመጣው የብርድ ወቅት ከሰሜን ካናዳዋ ከተማ ከየሎውናይፍ ወደ አልማዝ ማዕድን ማውጫዎቹ ናፍጣ እንዳመላልስ ሥራ ቀርቦልኛል። መንገዱ ከቲቢት ሐይቅ ተነስቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚዘልቅ፣ አብዛኛው ክፍሉ በቀዘቀዙ ሐይቆች ላይ የሚያልፍ፣ በዓመት ውስጥም ከጃንዋሪ መጨረሻ ገደማ እስከ ማርች መጨረሻ ድረስ ብቻ የሚከፈት ነው። ሥራውን እንደምቀበል ከመፈረሜ በፊት ነገሩን በቅጡ ማወቅ እፈልጋለሁ።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ «አንድ ሜትር ግግር ካለ ምንም አያሳስብህ» ብሎኛል። ይህ አንድ ሜትር የሚባለው ቁጥር ከየት የመጣ ነው? ውፍረቱንስ በምን ይለኩታል? ሁሉም ቦታ ተቆፍሮ ሊለካ ስለማይችል በመካከል ያለው ቀጭን ቦታ እንዴት ይታወቃል? ሹፌሩ በራሱ ዓይን ሊያያቸው የሚገቡ ምልክቶች ካሉም ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ።

መልስ 1፦ ዘሰሜን

ወንድሜ፣ አስቀድመው መጠየቅዎ ተገቢ ነው። በዚያው መንገድ ላይ ስለሠራሁ የማውቀውን ላካፍልዎ።

ካናዳ ውስጥ በግግር ላይ ለሚሠሩ መንገዶች መነሻ የሚሆነው፣ የብሔራዊ ምርምር ካውንስል ተመራማሪ የነበሩት ሎርን ጎልድ እ.ኤ.አ. በ1971 ያሳተሙት ቀመር ነው። ጎልድ ግግሩ ጭነት የተሸከመባቸውንና የተሰበረባቸውን በርካታ አጋጣሚዎች ሰብስበው ሲመረምሩ፣ የመሸከም አቅሙ ውፍረቱ በራሱ ሲባዛ በሚገኘው ቁጥር ልክ እንደሚያድግ አሳዩ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ውፍረቱን በሴንቲሜትር ይለኩና በራሱ ያባዙታል፣ ከዚያም በ4 ያባዙታል፤ የሚያገኙት ቁጥር ግግሩ የሚሸከመው ጠቅላላ ክብደት በኪሎግራም ነው። 50 ሴንቲሜትር 10 ቶን ሲሸከም፣ 100 ሴንቲሜትር 40 ቶን ይሸከማል። 90 ሴንቲሜትር ግን 32.4 ቶን ብቻ ስለሚሸከም፣ ከመቶው ላይ አሥር ሴንቲሜትር ሲጎድል ከሰባት ቶን በላይ አቅም አብሮ ይሄዳል።

አሁን የባልደረባዎን አባባል በዚህ ይመዝኑት። ሁለት ተሳቢ የሚጎትት ሙሉ ጭነት ያለው መኪና 63.5 ቶን ሊደርስ ይችላል። በአባዢው 4 ብናሰላ 126 ሴንቲሜትር ያህል ያስፈልገዋል፤ በ6 ብናሰላ 103 ሴንቲሜትር ይበቃዋል። አባዢውን ከ4 በላይ ማድረግ የሚፈቀደው ግን ግግሩ በመሐንዲስ ዕቅድ ሲመራ፣ በተደጋጋሚ ሲለካና በየዕለቱ ሲፈተሽ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ሜትር የሚለው ቃል ከመኪናዎ ክብደት፣ ከግግሩ ጥራትና ከሚደረግለት ክትትል ተነጥሎ ሲነገር ትርጉም የለውም።

ጥራቱን በተመለከተ፣ ከሥር ያለው ውሃ ቀስ በቀስ ሲረጋ የሚሠራው ጥርት ያለ ሰማያዊ ግግር ጠንካራው ነው። በላዩ ላይ የወደቀ በረዶ ውሃ ጠጥቶ ሲረጋ የሚሠራው ነጭ ግግር አየር ስላለበት ደካማ ነው፤ ብዙ መመሪያዎችም በግማሽ ውፍረቱ ብቻ ይቆጥሩታል። ጉድጓድ ሲቆፈር 60 ሴንቲሜትር ሰማያዊና 40 ሴንቲሜትር ነጭ ቢገኝ፣ በስሌት የሚያዘው 80 ሴንቲሜትር ነው፤ የሚሸከመውም 40 ቶን ሳይሆን 25.6 ቶን ነው። ውፍረቱን የነገረዎትን ሰው «ከዚህ ውስጥ ነጩ ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁት።

ልኬቱ የሚከናወነው በሁለት መንገድ ነው። መጀመሪያ ሠራተኞች በመሰርሰሪያ ቀዳዳ እየበሱ በመለኪያ ዘንግ ይለካሉ። ቀጥሎም ቀላል ተሽከርካሪ የሚጎትተው ራዳር መንገዱን ሁሉ ተከትሎ ሲሄድ፣ ከግግሩ ላይኛው ገጽና ከሥሩ ካለው ውሃ የሚመለሰውን ሞገድ እየመዘገበ ያለማቋረጥ ያነባል፤ የራዳሩ ንባብም ከተበሱት ቀዳዳዎች ጋር እየተመሳከረ ይስተካከላል። በመካከል ስላለው ቀጭን ቦታ ለጠየቁት መልሱ ይኸው ነው። ለመንገዱ የሚፈቀደው ክብደት መወሰን ያለበት በቀጭኑ ቦታ ንባብ ነው፤ በአማካዩ የሚወስን ሰው ካጋጠመዎት ሥራውን አይቀበሉ።

በጣም የሚያሳስቡኝ ቦታዎች ወንዝ ወደ ሐይቁ የሚገባበትና የሚወጣበት፣ ሁለት ሐይቆች የሚገናኙበት ጠባብ መተላለፊያ፣ ከውሃው ገጽ ሥር አለት ያለበት ቦታ እና ዳርቻው ናቸው። የውሃው ፍሰት ግግሩን ከሥር ስለሚበላው፣ ከላይ አንድ ዓይነት የሚመስለው ሜዳ በመቶ ሜትር ርቀት ውስጥ በግማሽ ሊሳሳ ይችላል። በመንገዱ ግራና ቀኝ የተጠረገው የበረዶ ክምርም ሌላው አደጋ ነው። በረዶ ለግግሩ እንደ ጋቢ ነው፤ ከብርዱ ስለሚከልለው ከክምሩ ሥር ያለው ግግር ሳይወፍር ይቀራል፤ ክብደቱም ወደ ታች እየተጫነው ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ከተጠረገው መስመር ወጥተው ወደ ክምሩ መጠጋት የለብዎትም። መንገዱ ሰፊ ተደርጎ የሚጠረገውም በዚሁ ምክንያት ነው።

መልስ 2፦ ኢንጂነሩ

ከላይ የተጻፈውን እስማማበታለሁ፤ ነገር ግን ስለ ፍጥነት ሳይነሣ መታለፍ የለበትም፤ ምክንያቱም በቂ ውፍረት ያለው ግግርም በፍጥነት ምክንያት ሊሰበር ይችላል።

እኔ የተማርሁት በያኔው ሌኒንግራድ፣ በዛሬው ሴንት ፒተርስበርግ ስለሆነ፣ በአቅራቢያው ባለው በላዶጋ ሐይቅ ግግር ላይ ስለተሠራው መንገድ መምህራኖቻችን በክብር ያስተምሩን ነበር። ከተማዋ በጀርመን ጦር ተከብባ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 22 ቀን 1941 የመጀመሪያዎቹ የጭነት መኪናዎች ገና ባልጠነከረው ግግር ላይ ተሻገሩ። መኪናዎቹ አንድ ቶን ተኩል የሚጭኑ ቢሆኑም በጅምሩ ከዚያ በታች ነበር የሚጫኑት። የሌኒንግራድ የፊዚክስና ቴክኒክ ተቋም ተመራማሪዎች ግግሩ ሲጎብጥ የሚመዘግብ መሣሪያ ሠርተው ሲለኩ፣ መኪናው በሰዓት ወደ 35 ኪሎ ሜትር ሲጠጋ የራሱ ፍጥነት ከግግሩ ሥር ከሚያስነሣው ሞገድ ፍጥነት ጋር እንደሚገጥም ደረሱበት። ሁለቱ ሲገጥሙ ሞገዱ እየተደራረበ ያድጋል፤ ቆሞ ወይም ቀስ ብሎ ሲሄድ የማይሰበረው ግግርም ይሰበራል።

ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ይህ አደገኛ ፍጥነት በዋናነት የሚወሰነው በውሃው ጥልቀት ነው። ጥልቀቱ 5 ሜትር ከሆነ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ 10 ሜትር ከሆነ ደግሞ 36 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሆናል። ወደ ዳርቻ ሲቃረቡ ጥልቀቱ ስለሚቀንስ አደገኛው ፍጥነትም አብሮ ይወርዳል፤ በዚያ ላይ ሞገዱ ከዳርቻው ተመትቶ ተመልሶ ይገጥምዎታል። በመሐል ሐይቅ ደህና የነበረው ፍጥነት ወደ ዳር ሲደርሱ ገዳይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ መንገዶቹም በተቻለ መጠን ወደ ዳርቻው ፊት ለፊት ሳይሆን በሰያፍ እንዲገቡ ተደርገው ይቀየሳሉ።

ኢስቶኒያ ውስጥ በባሕር ግግር ላይ ለቀላል መኪናዎች በሚከፈቱት መንገዶች በሰዓት ከ25 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ባለው ፍጥነት መሄድ ክልክል ነው። ከዚያ በታች ወይም ከዚያ በላይ እንጂ በመካከሉ መሆን አይፈቀድም፤ ቀበቶ ማሰርም እንዲሁ የተከለከለ ነው። ይህን የማነሣው መርሁ አንድ መሆኑን ለማሳየት ነው፤ ጭነት የያዘ ከባድ መኪና ግን ሁልጊዜ የሚመርጠው ከታች ያለውን ነው። እርስዎ በሚሄዱበት መንገድ የተጫነ መኪና ፍጥነት በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ የተገደበው፣ ወደ ዳርቻ ሲገባ ደግሞ ወደ 10 የሚወርደው ሹፌሮችን ለማጉላላት አይደለም። በመኪናዎች መካከል የሚጠበቀው የግማሽ ኪሎ ሜትር ርቀትም የሁለት መኪና ክብደትና የሁለት መኪና ሞገድ በአንድ ቦታ እንዳይገናኝ ነው።

ጠያቂው፦

ጋሼ፣ ስለ ሞገዱ የጻፉት ፈጽሞ ያልጠበቅሁት ነገር ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ልጨምር። አየሩ ድንገት ቢሞቅ ወይም ቢቀዘቅዝ በተለካው ውፍረት ላይ መተማመን ይቻላል? መኪናው በሐይቁ መካከል ቢበላሽብኝስ ምን ላድርግ?

መልስ 3፦ ዘሰሜን

የአየሩ ሙቀት ከዜሮ በላይ ሆኖ ከአንድ ቀን በላይ ከቆየ፣ ውፍረቱ ባይቀንስም ግግሩ ጥንካሬውን ማጣት ስለሚጀምር ቀመሩ አይሠራም። የመንገዱ ኃላፊዎች እንደገና እስኪፈትሹት መግባት የለብዎትም። እ.ኤ.አ. በ2006 ብርዱ ደካማ በመሆኑ ይኸው መንገድ ቀድሞ ተዘግቶ ቀሪው ጭነት በአውሮፕላን መጓጓዝ ግድ ሆኖ ነበር። ብርዱ በአንድ ቀን ውስጥ በኃይል ሲጨምርም ግግሩ ይኮማተርና ይሰነጠቃል፤ ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚያስቡት አደጋ ይህ ነው። በእንዲህ ያለ ቀን ጭነት መቀነስ ወይም አንድ ቀን መጠበቅ ይገባል።

ስንጥቅ ሲያዩ ሁሉም አንድ አይደለም። ደረቅ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ እስከ ሥር አይደርስም፤ ድምፁም ቢያስደነግጥ የተለመደ ነው። ውሃ የሚያወጣ ስንጥቅ ግን ግግሩ እስከ ሥር መከፈሉን ስለሚያሳይ፣ በሬዲዮ አሳውቀው መልስ እስኪሰጥዎ ድረስ አይሻገሩት።

መበላሸቱን በተመለከተ፣ የጎልድ ቀመር የተሠራው ለሚንቀሳቀስ ጭነት ነው። መኪና ሲቆም ግግሩ ቀስ በቀስ እየሰረጎደ ይሄዳል፤ ከሁለት ሰዓት በላይ ለሚቆም ጭነት ሌላ ስሌት ያስፈልጋል። ስለዚህ እንደቆሙ ወዲያውኑ በሬዲዮ ይናገሩ፤ ሌላ የተጫነ መኪና ሊረዳዎ ብሎ አጠገብዎ እንዲቆም አይፍቀዱ። የሥራ ባልደረቦች ደግነት በዚህ ጊዜ አደጋ ነው።

መልስ 4፦ ከሚኒሶታ

እኔ ከባድ መኪና አልነዳም፤ በየዓመቱ ግን ለዓሣ ማጥመድ በፒክአፕ ሐይቅ ላይ ስለምወጣ፣ ስለ መቆም የክፍለ ግዛታችን የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት የሚመክረውን ልጨምር። ከቆመው መኪና አጠገብ ቀዳዳ ይበሱ። ውሃው በቀዳዳው ውስጥ ከግግሩ ገጽ ዝቅ ብሎ ከቆየ ግግሩ ገና እየተንሳፈፈ ነው፤ ሞልቶ ወደ ላይ መፍሰስ ከጀመረ ግን እየሰመጠ ስለሆነ መኪናው ቶሎ መነሣት አለበት። መኪና ማንቀሳቀስ ካልተቻለ ሰው ከውስጡ ወጥቶ ይራቅ።

መልስ 5፦ ዘሰሜን

ይህ ምክር ለከባድ መኪናም ይሠራል፤ ጨምሬ የምለው አንድ ነገር ብቻ አለ። በካናዳ ሕግ ማንኛውም ሠራተኛ አደገኛ ነው ብሎ በቅንነት ያመነበትን ሥራ እምቢ የማለት መብት አለው። ከመፈረምዎ በፊት ቀጣሪዎ የልኬቱን መዝገብ ያሳይዎ፤ ቀኑን፣ ቀጭኑን ንባብ፣ የነጩን ግግር ድርሻና የተጠቀሙበትን አባዢ ይመልከቱ። የአልበርታም ሆነ የሰሜን ምዕራብ ግዛቶች መንግሥታት በግግር ላይ ስለ መሥራት ያወጧቸው መመሪያዎች አሉ፤ ቁጥሮቹን ከእነርሱ ጋር ያመሳክሩ።