ጌም በ80 ዶላር፦ ዋጋው ልክ ነው? ኮፒውስ?

የፒያሳው፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ሲከነክነኝ ሰነበተ። ኔንቴንዶ በ2025 ማሪዮ ካርት ወርልድን በ80 ዶላር ለገበያ አቀረበ። ማይክሮሶፍትም በዚያው ዓመት ለአዳዲስ ጌሞቹ 80 ሊያስከፍል ተነስቶ፣ ጥቂት ወራት ሳይቆይ ወደ 70 መለሰው። ዶላሩን በ150 ብር ብናስበው 80 ዶላር 12,000 ብር ነው። በእኛ አቆጣጠር ከመስከረም 2018 ወዲህ ዲግሪ ይዞ መንግሥት ቤት የሚቀጠር ሰው መነሻ ደሞዙ 11,500 ብር ነው፤ ያውም ግብር ሳይቆረጥ። አንድ ጌም፣ የአንድ ወር ድካም። እኔ የማውቃቸው ተጫዋቾች ሁሉ ክራክ፣ ማለትም መከላከያው ተሰብሮ የተቀዳ ኮፒ ነው የሚያስጭኑት። እኔም እንደዚያው። ዋጋው ፍትሐዊ ነው ትላላችሁ? ካልሆነስ ኮፒ ማድረግ ልክ ይሆናል?

ከሜሪላንድ፦
ወንድሜ፣ ስለ ደሞዙ ያልከው እውነት ነው። ጌም ተወደደ የሚለው ላይ ግን አልስማማም። እዚህ አሜሪካ በ1990 ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ 3 ሲወጣ 50 ዶላር ገደማ ነበር። ያ ገንዘብ በዛሬ አቅሙ ከ120 ዶላር ያልፋል። ከ2006 አካባቢ ጀምሮ ትልልቆቹ ጌሞች 60 ዶላር ሆኑ፤ እስከ 2020 ድረስም እዚያው ላይ ቆሙ። እስኪ ሌላ ምን ዕቃ ነው ይህን ያህል ዘመን ዋጋው ያልተነካው? ወጪው ደግሞ ሰማይ ነክቷል። በ2023 በአሜሪካ ፍርድ ቤት በታየ የሶኒ ሰነድ መሠረት፣ ዘ ላስት ኦፍ አስ ክፍል ሁለት የተባለው ጌም ብቻውን 220 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል። እኔ ለሁለት ሰዓት ፊልም 15 ዶላር እከፍላለሁ። አንድ ጥሩ ጌም 60 ሰዓት ያጫውተኛል። ሂሳቡን አንተው ሥራው።

የፒያሳው፦
ሠራሁት። አሜሪካ ዝቅተኛው የፌዴራል ክፍያ በሰዓት 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው። በዚያ ክፍያ የሚሠራ ሰው 80 ዶላሩን በ11 ሰዓት ገደማ ያገኘዋል። እዚህ ባለዲግሪው ወር ሙሉ ሠርቶም አይሞላለትም። የዶላሩ አቅም እናንተ አገር ወረደ ማለት እኛ ጋ ጌሙ ረከሰ ማለት አይደለም።

አምስተኛ ዓመት፦
እኔ የሰዓቱ ሂሳብ ራሱ አይዋጥልኝም። ጆርኒ የሚባለው የ2012 ጌም በሁለት ሰዓት ገደማ ያልቃል። በረሃውን ከማላውቀው ሰው ጋር አብሬ አቋረጥኩ። መነጋገር አይቻልም፣ ድምፅ ብቻ ነው የምናሰማው። በመጨረሻ በረዶው ውስጥ ተጠጋግተን ስንሄድ እንባዬ መጣ። በሌላ በኩል መቶ ሰዓት የፈጀብኝ ጌም አለ፤ ግማሹ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ መመላለስ ነበር። ታዲያ የቱ ነው ገንዘቤን ያወጣው? ሰዓት ቆጥረን ስንከፍል፣ እነሱም ሰዓት ለመሙላት ብለው ይሠሩልናል።

እናት ከዱባይ፦
ልጆቼ፣ እኔ ተጫዋች አይደለሁም። ግን 80 ዶላሩን እናንተ እንደምታዩት አላየውም። የ13 ዓመት ልጄ «እማዬ፣ በነጻ ነው» ብሎኝ አንድ የኳስ ጌም ስልኬ ላይ ጫነ። ካርዴ እዚያው ስልክ ላይ ተመዝግቧል። በሁለት ወር ከ900 ድርሃም በላይ ወጣ። ውስጡ ምን እንዳለ የማይታወቅ እሽግ እየገዛ ነበር፤ ጥሩ ተጫዋች ይወጣልኛል ብሎ። ልጁን ተቆጣሁት፤ ኋላ ግን ሳስበው ጥፋቱ የእሱ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። ቤልጂየም በ2018 እንዲህ ያለው እሽግ ቁማር ነው ብላለች። አንዴ 80 ከፍዬ ብገላገል እመርጥ ነበር።

ከሜሪላንድ፦
እትዬ፣ እዚህ ላይ ከእርስዎ ጋር ነኝ። ዋጋው ፊት ለፊት የተጻፈበት ጌም ቢያንስ አያታልልም።

ጌም ቤት ያለኝ፦
እኔ ደግሞ ከኮፒ እንጀራ የበላሁ ሰው ነኝ። ሳልደብቅ ልናገር። ስምንት ዓመት ሙሉ ጌም ቤት አለኝ። ስጀምር ሁለት ፕሌይስቴሽን 3 ነበሩኝ፤ ሁለቱም ክራክ፣ ጌሙ ሁሉ ሃርድ ዲስክ ላይ የተጫነ። አንድ ግጥሚያ አምስት ብር። የሰፈሩ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመጡ ወረፋ ይይዛሉ። ጆይስቲክ በየሦስት ወሩ ይሰበራል፣ መብራት ይጠፋል፣ የቤት ኪራይ ይጨምራል። ኦሪጅናል ልግዛ ብል ኖሮ ያቺ ቤት አትከፈትም ነበር። እነዚያ ልጆችም ዕድሜ ልካቸውን አይገዙም ነበር። ስለዚህ ካምፓኒው ከእኛ ሰፈር ምን አጣ? ያላገኘውን ገንዘብ ተሰረቅኩ ሊል አይችልም። እኔ እንደዚህ ነው የማስበው።

ኮደሯ፦
ጋሼ፣ ስላልደበቁን አመሰግናለሁ። ግን ያ ያልተገኘ ገንዘብ የእኔ ሲሆን ምን እንደሚመስል ልንገርዎት። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አንድ ዓመት ተኩል ሠርተን የስልክ ጌም አወጣን። በአማርኛ፣ በ100 ብር። ሥራ ውዬ ማታ ማታ ነበር የምጽፈው። በወጣ በአራተኛው ቀን አንድ ቻናል ላይ «ሙሉው በነጻ» ተብሎ ተለቀቀ። ሥሩ ያለውን አስተያየት ቁጭ ብዬ አነበብኩ። «አሪፍ ነው»፣ «ሁለተኛው መቼ ነው?» ይላሉ። ሁለተኛው የለም። አንዱ ጓደኛችን ተስፋ ቆርጦ ባንክ ገባ።
ዶላር የለንም የሚለውን እቀበላለሁ። እኔም ተማሪ ሳለሁ ክራክ ተጫውቻለሁ። 100 ብር ግን የሁለት ማኪያቶ ዋጋ ነው። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ይጠብቃል። ወረቀት ላይ መብት አለኝ። ማንን ልክሰስ ታዲያ? መቶ ብር ያልከፈለኝን እያንዳንዱን ልጅ?

አምስተኛ ዓመት፦
እህቴ፣ ያማል። ግን ሰዉ ሌባ ስለሆነ ብቻ አይመስለኝም። የፖላንድን ነገር እዪው። እዚያም ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ገበያው በሙሉ ኮፒ ነበር። ሲዲ ፕሮጀክት የሚባለው ድርጅት በ1994 ተቋቁሞ፣ በ1999 ባልደርስ ጌት የተባለውን የውጭ ጌም በፖላንድኛ አወጣ። ታዋቂ ተዋንያን ድምፃቸውን ሰጡ። ሳጥኑ ውስጥ ካርታ፣ የጨዋታው ደንብ መጽሐፍና የሙዚቃ ሲዲ ነበር። በገዛ ቋንቋው ስለመጣለት ሰዉ ገዛ። በኋላ ዘ ዊቸርን የሠሩት እነሱ ናቸው፤ ሦስተኛውን በ2015 በራሳቸው የኢንተርኔት መደብር ያለ ምንም የኮፒ መከላከያ ለቀቁት። ስቲም የሚባለው የኢንተርኔት ጌም መደብር ባለቤት ጌብ ኒዌልም ኮፒ በአብዛኛው የአገልግሎት ችግር እንጂ የዋጋ ችግር አይደለም ይላል።

ኮደሯ፦
ኒዌል ያለው ካርድ ላለው ሰው ይሠራል። ስቲም ላይ በብር መክፈል አይቻልም። በ2023 ደግሞ ሊራና ፔሶ በጣም ስለተዋዠቁ ቱርክንና አርጀንቲናን ሳይቀር ወደ ዶላር አዛወራቸው። እኛ ጋ መቼ ይደርሳል? የፖላንዱ ግን ገብቶኛል። እነሱ ከኮፒው የተሻለ ነገር አቀረቡ። እኔ ያቀረብኩት ያው ኮፒው የሚሰጠውን ነው፤ ልዩነቱ መቶ ብሩ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ጥፋት አለብኝ። ቢሆንም የለቀቀው ሰውዬ ልክ አይደለም። ይህን ማንም አያስቀይረኝም።

የፒያሳው፦
እኔ ቃሌን ልስጥ። የ80 ዶላሩን ጌም ክራክ መጫወት አቆማለሁ ብዬ አልዋሽም። የአገር ልጅ የሠራውን ግን ከእንግዲህ ከቻናል አላወርድም። የጌምሽን ስም ንገሪን።

ጌም ቤት ያለኝ፦
ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያ ጌምሽ በትልቅ ስክሪን፣ በሁለት ጆይስቲክ ይሆናል? እኔ ጋ ልጆቹ ለብቻቸው አይጫወቱም፤ መፎካከር ይፈልጋሉ። ለሁለት ሰው ከሠራሽልኝ አስገባዋለሁ። ከየግጥሚያው ድርሻሽን በቴሌብር እልክልሻለሁ። ኮፒ ሊያደርጉት አይችሉም፤ ማሽኑ እኔ ቤት ነው።

ኮደሯ፦
ለሁለት ሰው ማድረግ ይቻላል። አንድ ወር ስጡኝ። አሁን ግጥሚያው ስንት ብር ነው?

ጌም ቤት ያለኝ፦
አስራ አምስት። ሦስቱን ላንቺ።

ኮደሯ፦
አምስት ያድርጉልኝ፣ ጋሼ።

ጌም ቤት ያለኝ፦
መጀመሪያ ይዘሽው ነይ። ልጆቹ ወረፋ ከያዙለት አምስት።