የእናቴ ራስ ምታት ቀጠሮ እስኪደርስ ይጠብቃል?

ጤና ይስጥልኝ። የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ፣ ጨንቆኛል።

እናቴ 63 ዓመቷ ነው። ልጆች ስታሳድግ ራሴን አመመኝ ስትል ሰምቻት አላውቅም። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ግን ከቀኝ ጆሮዋ ከፍ ብሎ ይወጋታል። ጎረቤቶች ምች ነው ብለው ዳማከሴ አሽተውላታል፤ እሷም ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራ ትውላለች። ጤና ጣቢያ ስንሄድ ግፊቷ ደህና ነው ተብሎ ፓራሲታሞል ታዘዘላት። ለአንድ ሁለት ሰዓት ያስታግስላታል፣ ከዚያ ይመለሳል።

እኔን ያስፈራኝ ሌላ ነገር ነው። ትናንት ፀጉሯን ሳበጥርላት ሚዶው ያንን ቦታ ገና ሲነካው እጄን ያዘችኝ። ምሳ ላይ ደግሞ እንጀራውን ጥቂት አኝካ ታቆማለች፣ መንጋጋዬ ደከመኝ ትላለች፣ አርፋ ትቀጥላለች። ይህን ለሐኪሙ አልነገርነውም፤ ከራስ ምታት ጋር ይገናኛል ብሎ ማን ያስባል?

ከ50 ዓመት በኋላ አዲስ የጀመረ ራስ ምታት ሁሌም መታየት እንዳለበት አንብቤአለሁ። በተለይ እንዲህ ማኘክ ሲያደክም የደም ሥር ብግነት ሊሆን እንደሚችል፣ ቶሎ ካልታከመም ዓይን ሊያጠፋ እንደሚችል።

የስፔሻሊስት ቀጠሮዋ ገና ከ16 ቀን በኋላ ነው። ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ልውሰዳት? እዚያ ስንደርስ የትኛውን የደም ምርመራ ልጠይቅ? እሷ "ቀላል ነው፣ አታስቸግሪ" እያለች እምቢ ብላኛለች፤ እንዴት አድርጌ ላሳምናት?