ጥቆማ፦ ኔትወርክም መብራትም ሲጠፋ የትኛው ይሠራል?

ሰሞኑን ወረዳ ላይ የሚሠራ አንድ ጓደኛዬ ደውሎ «ክረምት ሳይገባብን ለአደጋ ጊዜ ሥራ የሚሆን ትንሽ በጀት አግኝተናል፣ ምን እንግዛበት?» አለኝ። በስልክ የነገርኩት ስለተምታታበት እዚህ ላስፍረው ብዬ ነው፤ ለሌላውም ይሆናል። ስለ ስታርሊንክ፣ ስለ ድሮንና ስለ ታብሌት ሽፋን የጠየቃችሁኝም አላችሁ፤ በየቦታው እመልሳለሁ። ሥራዬ ተፈናቃይ መመዝገብና የእርዳታ ዝርዝር ማዘጋጀት ነው። የምሸጠው ነገር የለኝም። አዲስ ዕቃ ወይም መተግበሪያ ሲመጣልኝ የማደርግበት ፈተና አንድ ብቻ ነው፦ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጌ ቀኑን ሙሉ እሠራበታለሁ። ማታ ላይ የሰበሰብኩት በእጄ ካለ እጠቁማለሁ። ከሌለ የፈለገውን ያህል ቢወራለት አልነካውም።

ምዝገባ፦ ኮቦ ወይስ ኦዲኬ?

ሁለቱም በስልክ ፎርም እየሞላችሁ ሰው የምትመዘግቡባቸው ናቸው። ሁለቱም ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ፣ የሁለቱም መተግበሪያ የሚጫነው አንድሮይድ ስልክ ላይ ነው፣ የሁለቱም ፎርም ኤክሴል ላይ ይጻፋል። ቢመሳሰሉ አይገርምም፤ ኮቦ የተሠራው በኦዲኬ ላይ ነው። ለጀማሪ ኮቦን እመክራለሁ። ሰርቨር አቁሙ አይላችሁም፣ አካውንት ከፍታችሁ በዚያው ቀን ትወጣላችሁ። ነጻው አካውንት ግን በወር የሚቀበለው ገደብ ስላለው ብዙ ሺህ ቤተሰብ ልትመዘግቡ ከሆነ ገደቡን ቀድማችሁ እዩት። ኦዲኬ የሚበልጠው ተመልሳችሁ ያንኑ ቤተሰብ ስትፈልጉ ነው፤ ዛሬ የተመዘገበውን ሰው በሌላ ቀን ገጠር ውስጥ ያለ ኔትወርክ በስሙ ፈልጋችሁ ታወጡታላችሁ። ችግሩ ወይ ክፍያ ወይ ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰው መጠየቁ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከሌላችሁ አትጀምሩት።

ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገራችሁ። ሁለቱም የኛን የዘመን አቆጣጠር ያውቃሉ። ኤክሴሉ ላይ ቀን በሚጠይቀው ረድፍ፣ አፒራንስ (appearance) በሚለው ዓምድ ሥር «ethiopian» ብላችሁ በላቲን ፊደል፣ በትንንሹ ጻፉ። መዝጋቢው ጳጉሜን ጨምሮ አሥራ ሦስቱንም ወር እያየ ይመርጣል፤ ሰርቨሩ ላይ የሚቀመጠው በፈረንጅ ተለውጦ ነው። ይህን ከማወቄ በፊት መዝጋቢዎቼ በጣታቸው ሰባት ነው ስምንት እያሉ ሲቀንሱ ስንት ሕፃን በአንድ ዓመት አስረጅተናል።

ፎርሙን ራሳችሁ ፈትሹት። አንድ ጊዜ ሌላ ቦታ የተሠራ ፎርም ተሰጥቶን ወጣን። ስልክ ቁጥር በ09 ካልጀመረ አላሳልፍም ይላል። ተፈናቃዮቹ ያረፉበት ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ከተሰለፉት አንዷ እናት ቁጥራቸው በ07 ይጀምራል፤ ልጃቸው የሳፋሪኮም ሲም አውጥቶላቸዋል። መዝጋቢዋ ሦስት ጊዜ ሞከረች። ሰልፉ ሲረዝምባት 0911 ብላ የቀረውን በዜሮ ሞላችው። ማታ ዝርዝሩን ስንከፍት እንዲህ ያለ ቁጥር ከአርባ በላይ ሆኖ አገኘነው፤ ሌሎቹም መዝጋቢዎች ሳይነጋገሩ ያንኑ ዘዴ ፈጥረዋል። ብሩ ሲላክ ለማን ሊደርስ ነው? በማግስቱ ክፍል ለክፍል እየዞርን ስም ስንጠራ ዋልን።

ሌላው ራስ ምታት ስም ነው። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሃይ ለኮምፒውተር አራት ሰው ናቸው። በላቲን ፊደል የመዘገባችሁ ደግሞ እግዜር ይርዳችሁ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ኤክሴል ላይ ሌላ ዓምድ ከፍታችሁ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ቀይሩ፤ ከካዕብ እስከ ሳብዕ ያሉትንም፣ ሃን ወደ ሀ መቀየርንም ሳትረሱ። ተደጋጋሚውን ስም በዚያ ዓምድ ፈልጉ። የሰውዬውን ስም ግን እሱ እንደሚጽፈው ተዉለት። የአያት ስም የማይጠይቅ ፎርም ከመጣላችሁ መልሱት፤ አንድ ቀበሌ ውስጥ ስንት መሐመድ አሊ እንዳለ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

በየቡድኑ ቦርሳ ሃምሳ የወረቀት ፎርምና እስክሪብቶ ይኑር። በቴክኖሎጂ ጥቆማ ውስጥ ወረቀት ምን ያደርጋል የምትሉ፣ ታብሌቱ ከሰዓት በኋላ ሲጠፋባችሁ እንነጋገራለን።

ፓወር ባንክ

መርካቶ ላይ 30 ሺህ ተብሎ ተለጥፎበት እንደ ላባ የሚቀል ታያላችሁ። ሒሳቡን ያዙት፦ 20 ሺህ ሚሊአምፔር ሰዓት የሚባለው በ3.7 ቮልት ሲባዛ 74 ዋት ሰዓት ነው። ይህን የሚይዝ ባትሪ ክብደት አለው፤ ከ300 ግራም በታች ከመዘነ እኔ አልገዛውም። ሚዛን ያለበት ሱቅ ፈልጋችሁ አስመዝኑት፣ ሻጩ ቢስቅ ይሳቅ። ከ74ቱ ውስጥ ሲሶው በሙቀትና በገመድ ይባክናል ብላችሁ አስቡ። 5 ሺህ የሚይዝ ስልክ 18.5 ዋት ሰዓት ስለሆነ ከሁለት ጊዜ ተኩል በላይ አይሞላላችሁም፤ ታብሌት ከሆነ ሁለቴ ለመሙላትም ይቸግራል። በአውሮፕላን የምትሄዱ ደግሞ ከ100 ዋት ሰዓት የሚበልጥ አትግዙ፤ የያዛችሁትም በእጅ ሻንጣ እንጂ በጭነት አይገባም። የሚታጠፍ ሶላር ለበጋ ጥሩ ነው። ሐምሌ ላይ ደጋ ከሆናችሁ የመኪናውን ቻርጀር አምናለሁ።

የሳተላይት ስልክ፦ ቱራያ ወይስ ኢሪዲየም?

ለኛ አገር ቱራያ። ምክንያቱ ዋጋ ብቻ አይደለም። የቱራያ ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 44 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ቆማ ትውላለች፤ ካርታ አውጥታችሁ ብታዩ ከኛ አናት ብዙም አትርቅም። ስለዚህ ገደል ሥር ሆናችሁም ሰማዩ ከላይ ክፍት ከሆነ ትይዛለች። ኢሪዲየም 66 ሳተላይቶች እየተሽከረከሩ የሚቀባበሉበት ስለሆነ ዓለምን ሁሉ ይሸፍናል፣ ግን ጠባብ ሸለቆ ውስጥ አንዷ ተራራው ጀርባ ስትገባ ወሬያችሁ ይቆረጣል። ቱራያ መጀመሪያ ሲበራ ያለበትን ቦታ በጂፒኤስ ሳያገኝ አይመዘገብም፤ ቢሮ ውስጥ ከፍታችሁ «አይሠራም» አትበሉ፣ ውጡና ትንሽ ጠብቁት። ከሁሉ በፊት ግን ፈቃድ! ያለ ኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ የሳተላይት ስልክ ይዞ መንቀሳቀስ ዕቃውንም ሰውየውንም ያስይዛል። ፈቃዱን መጨረስ ያለባችሁ ወረዳው ሰላም ሳለ ነው፤ አደጋው ከደረሰ በኋላ ማን ይፈርምላችኋል? ስታርሊንክን፣ የሳተላይት ኢንተርኔቱን፣ ለጠየቃችሁኝም መልሱ ያው ነው፦ መጀመሪያ ፈቃድ። ኬንያ በ2023 እ.ኤ.አ. ጀምራለች፣ ያ ግን እናንተን አይመለከትም።

ያለ ኢንተርኔት በብሉቱዝ መልእክት የሚያቀባብሉት፣ እንደ ብራየር ያሉት፣ አንድ ግቢ ውስጥ ይሠራሉ። ቀበሌ ከቀበሌ አያገናኙም።

ማስጠንቀቂያ ለማሰማት ደግሞ እስካሁን ያየሁት ምርጥ መሣሪያ የእድር ጥሩምባ ነው። አትሳቁ። ባትሪ አይፈልግም፣ ነፊው እያንዳንዱን ቤት ያውቃል፣ ሌሊት ሲነፋ ማንም «ማስታወቂያ ነው» ብሎ አይተኛም። ሐምሌ 2016 ጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ላይ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡት ሰዎች ናቸው በሁለተኛው ናዳ የተቀበሩት። የሞተው ከ200 በላይ ነው፣ ቁፋሮውም በአብዛኛው በእጅና በአካፋ ነበር። ከዚያ ወዲህ ተዳፋት ባለበት ቀበሌ ሥልጠና ስሰጥ፣ ሌሎቹ ሲቆፍሩ አንድ ሰው ጥሩምባ ይዞ ሌላ ምንም ሳይሠራ ከላይ ያለውን አፈር ብቻ እንዲያይ እመድባለሁ። ከእድሩ ጋር ግን አስቀድማችሁ ተስማሙ፦ ለሞት የሚነፋውና ለአደጋ የሚነፋው ድምፅ ይለያይ።

ካርታና ከሰማይ የሚታየው

ኦርጋኒክ ማፕስ እና ኦስምአንድ ሁለቱም ካርታውን ቀድሞ አውርዶ ያለ ኔትወርክ ያሳያሉ። ለሹፌር ኦርጋኒክ ማፕስ፣ ቀላልና ፈጣን ነው። ኮረብታውንና የራሳችሁን ነጥቦች ደርባችሁ ለማየት ኦስምአንድ፣ ግን ምናሌው ደን ነው፤ ገብታችሁ ትጠፋላችሁ።

ጎርፍ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። በክረምት ተራ የሳተላይት ፎቶ ብትከፍቱ የምታዩት ደመና ነው። የአውሮፓውያኑ ሴንቲኔል 1 ሳተላይት ግን ራዳር ስለሆነ በደመናም በሌሊትም ያያል፤ ምስሉ በነጻ ይለቀቃል፣ ለጥ ብሎ የተኛ ውሃም ጥቁር ሆኖ ይታያል። ችግሩ በየቀኑ አያልፍም። ጎግል ከሳተላይት ፎቶ ላይ በኮምፒውተር ቆጥሮ ያወጣው የአፍሪካ ቤቶች ዝርዝርም በነጻ ይገኛል፤ ለግምት ይረዳል፣ የሣር ጎጆና የላስቲክ መጠለያ ላይ ግን አልታመነውም። እግር ይሂድ።

ድሮን ለጠየቁኝ ጋሼ፦ ማላዊ በ2017 እ.ኤ.አ. ከዩኒሴፍ ጋር የድሮን መሞከሪያ ክልል ከፍታለች፣ ሩዋንዳ ደም በድሮን ታደርሳለች፤ ያ የመንግሥት ውሳኔ ነው። ወረዳ ላይ በዚህ በጀት፣ በዚህ ጊዜ፣ ያለ ፈቃድ? አይሞክሩት።

ክፍያ

እርዳታውን በስልክ ለመላክ ቴሌብር፣ ኤምፔሳ ወይስ ሄሎካሽ የሚለው ጥያቄ መልሱ እንደ ቦታው ነው። ቴሌብር በ*127# በኖርማል ስልክ ስለሚሠራ ኢንተርኔት አይጠይቅም፣ ኔትወርክ ግን ይጠይቃል። ሶማሌ ክልል ከሆናችሁ ሄሎካሽን ሰው ቀድሞ ለምዶታል። እኔ የምመርጠው በመተግበሪያው አይደለም፤ ጠዋት ሦስት ወኪሎች ጋ ሄጄ ብር ላውጣ እላለሁ። ጥሬ ብር የሌለው ወኪል ለአንድ ሺህ ተፈናቃይ ምን ሊያደርግ ነው? ሌላው፣ ሲሙ በባልየው ስም የወጣ ሴት ብዙ ናት። ዝርዝሩ ላይ የእሷ ስም፣ ሲሙ ላይ የእሱ። በምዝገባው ቀን «ሲሙ በማን ስም ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ አንድ መስመር ነው፣ ብዙ ጠብ ያስቀራል።

መረጃ ከየት?

ለዝናብ የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩትና ናይሮቢ አጠገብ ያለው የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከል። ፌውስ ኔት፣ በአሜሪካ ገንዘብ የረሃብ ማስጠንቀቂያ የሚያወጣው፣ በ77ቱ ድርቅ ማግስት የተቋቋመ፣ ብዙዎቻችን የምንደገፍበት ነበር፤ ጥር 2017 ላይ የአሜሪካ እርዳታ ሲታገድ ድረ ገጹ ድንገት ተዘጋ፣ የተመለሰው ከወራት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ካርታና ሪፖርት ሳየው ወዲያው ፍላሽ ላይ አወርዳለሁ።

ለመሬት መንቀጥቀጥ ላስትኩዌክ የሚባለውን የስልክ መተግበሪያ ጫኑ። ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ሌሊት በአዋሽ ፈንታሌ በኩል 5.7 የደረሰው ሲነቀንቀን የቤተሰብ ቴሌግራማችን «ነገ 8 ሰዓት ላይ ትልቁ ይመጣል» በሚል ተሞልቶ ነበር። መተግበሪያው የሆነውን ይነግራችኋል። የሚመጣውን በሰዓት የሚነግር ሰውም ማሽንም የለም፤ ለእማዬም ያልኳት ይህንኑ ነው።

ለታብሌቱ ሽፋን የጠየቅሽኝ እህቴ፦ ማንኛውም ጎማ ያለው ይሆናል። ጀርባው ላይ ግን ወረቀት ለጥፊና በፕላስተር ሸፍኚው፦ 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ 939 የእሳትና አደጋ፣ እሱ ግን የአዲስ አበባ ነው። ከሥሩ የወረዳችሁን አምቡላንስ ሹፌር ቁጥር ጻፊበት፣ የ09ኙንም የ07ቱንም።