ለእንቁላል መጣያ ሳጥን የቱ ጉዝጓዝ ይሻላል?

የጓሮ ዶሮ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቄቦቼ መጣል ሊጀምሩ ነው። ሳጥኖቹን ሠርቼ ጨርሻለሁ፣ የቀረኝ ውስጡ የሚጎዘጎዘው ነገር ብቻ ነው። እሱ ላይ ግራ ገባኝ። አንዱ ሰጋቱራ ይለኛል፣ ሌላው ጭድ፣ ሌላው ደግሞ የሚታጠብ የላስቲክ ምንጣፍ አንጥፍና ተገላገል ይለኛል። የምፈልገው እንቁላሉ ሳይሰበርና ኩስ ሳይነካው እንዲወጣልኝ ነው፤ በየቀኑ ሳጥን ስጠርግ መዋልም አልችልም። እናንተ ምን ትጠቀማላችሁ? ለምን?

ሰፊ ቆጥ፦
ሰጋቱራውን ተወው። ዶሮ ልትጥል ስትገባ ጉዝጓዙን እየጫረች፣ እያገላበጠች ነው ቦታዋን የምታመቻቸው፤ ያ ሁሉ ብናኝ ጠባብ ሳጥን ውስጥ ይነሳና በአፍንጫዋ ይገባል። የዶሮ ሳንባ ደግሞ አቧራ አይችልም። በዚያ ላይ ቄቦች ያገኙትን ሁሉ ስለሚለቅሙ ሰጋቱራውንም ይውጡታል።

ከመላጊያ የሚወጣውን ሰፋ ሰፋ ያለ የእንጨት ፍቅፋቂ ካገኘህ እሱን ውሰድ። እርጥበት ይመጥጣል፣ አቧራው ትንሽ ነው፣ የቆሸሸውን ብቻ አፍሰህ አውጥተህ በላዩ አዲስ መጨመር ትችላለህ። ቀለም ወይም የምስጥ መድኃኒት ከተቀባ እንጨት የወጣ እንዳይሆን ግን ጠይቅ። ሽታው የሚያፍን ከሆነም ይቅርብህ።

ውፍረቱ ላይ አትሰስት፣ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ዶሮ እንቁላሉ ሊወጣ ሲል ከተቀመጠችበት ከፍ ትላለች፣ ስለዚህ እንቁላሉ ይወድቃል እንጂ ተንሸራቶ አይወጣም። ጉዝጓዙ ሳስቶ ከሥር ጣውላው ከተገለጠ ይሰነጠቃል። የተሰበረ እንቁላል የቀመሰች ዶሮ ደግሞ ነገ ራሷ ሰብራ ትበላለች፣ ሌሎቹም ከእሷ ያያሉ፤ ይህን ልማድ ማስተው በጣም ከባድ ነው።

እናት ዶሮ፦
እኔ ጭድ ነው የምመርጠው። ዶሮዋ ዞር ዞር ብላ በደረቷ ጎድጓዳ ትሠራበታለች፣ እንቁላሉ መሃል ላይ ይቀመጣል፣ ወዲያ ወዲህ አይንከባለልም። ፍቅፋቂ እንዲህ ቅርፅ አይዝም። ጭዱ አጠር አጠር ብሎ የተቆረጠ ይሁን። ድክመቱንም ልንገርህ፦ እርጥበት አይመጥም፣ አገዳው ውስጡ ክፍት ስለሆነ ቅንቅን ይደበቅበታል። ስለዚህ ላዩ ንጹሕ ቢመስልም ሙሉ በሙሉ አውጥተህ የምትቀይርበት ቀን ይኑርህ።

ድርቆሽ ግን እንዳታስገባ። በደንብ ያልደረቀ ሣር ቶሎ ይሻግታል፣ ሻጋታው የዶሮ ሳንባ ያሳምማል። ረጃጅሙን ሣር ከዋጡትም አንገታቸው ሥር ባለው የምግብ ከረጢት ውስጥ ተጠቅልሎ ሊዘጋቸው ይችላል።

ንጋት፦
ወንድሜ፣ ፍቅፋቂም ሆነ ጭድ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ይሠራል። ሳጥኑን የሚያቆሽሸው ግን ዶሮዎቹ ውስጡ ሲያድሩ ነው። ዶሮ ሌሊቱን ሙሉ ኩስ ስትጥል ነው የምታድረው፤ ጠዋት የምትጥለው እንቁላል እዚያው ላይ ያርፋል። ዶሮ ደግሞ ከፍ ያለ ቦታ ፈልጋ ነው የምታድረው፣ ስለዚህ ቆጡ ከሳጥኖቹ በላይ መሆን አለበት። ቄቦችህ ገና ስላልጀመሩ ጥሩ ጊዜ ላይ ነህ፦ ሲመሻሽ ሳጥኖቹን ዝጋ፣ ሳይነጋ ክፈት፣ ቆጥ ላይ ማደር እስኪለምዱ ድረስ ብቻ።

አብዛኞቹ የሚጥሉት ከረፋዱ በፊት ስለሆነ እኩለ ቀን ሳይደርስ አንዴ ሰብስብ፣ ማታ ደግሞ የቀረውን። ለ4 ወይም ለ5 ዶሮ አንድ ሳጥን ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ሲሆኑ ይጋፋሉ፣ እንቁላልም ይረግጣሉ። ትንሽ ኩስ የነካውን እንቁላል በውኃ ከማጠብ በደረቅ ጨርቅ ጥረገው። ቅርፊቱ ላይ ጀርም እንዳይገባ የሚከላከል ስስ ሽፋን አለ፣ ውኃ ያጥበዋል።

የጓሮ ዶሮ፦
በጣም አመሰግናለሁ፣ ቆጡን ዛሬውኑ ከፍ አደርገዋለሁ። ፍቅፋቂ ላደርግ ነው። ግን ከአሁኑ እየገቡ ሲጭሩ ያስገባሁትን ሁሉ ወደ ውጭ እየበተኑት ነው። እና የላስቲክ ምንጣፉን ማንም አልነካውም፣ አይረባም ማለት ነው?

ሰፊ ቆጥ፦
ለመበተኑ መፍትሔው የሳጥኑ በር ላይ ከሥር በኩል ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ጣውላ መምታት ነው። ዶሮዋ ተሻግራው ትገባለች፣ ጉዝጓዙ ግን አይወጣም። አሁንም ከወጣ ሳጥኑ ብርሃን በዝቶበት ይሆናል፣ ከፊት መጋረጃ አድርግለት፤ ጨለም ሲል ረጋ ብለው ይጥላሉ።

ምንጣፉ ይረባል፣ ብቻውን ግን አይደለም። የሚጫር ነገር ያጡ ዶሮዎች ሳጥኑን ትተው ወለል ላይ መጣል ይጀምራሉ። ከፍቅፋቂው ሥር አንጥፈው፣ እንቁላሉ ጣውላ እንዳይነካ ያግዝሃል። በጠረግህ ቁጥር ግን ምንጣፉን አንስተህ ሥሩን እይ። ደም የሚመጠው ቀይ ቅንቅን ቀን ቀን እንዲህ ያለ ቦታና ስንጥቅ ውስጥ ተደብቆ ይውልና ሌሊት ወጥቶ ዶሮዎቹን ይበላቸዋል። ከተጠራጠርክ ማታ ባትሪ ይዘህ ግባና የቆጡን ሥር ጭምር ፈትሽ።