ሲሊኮን ዘይት የሞላሁበት የሬዚን ቁልፍ መያዣ እያለቀሰብኝ ነው፣ ድረሱልኝ!

ብልጭልጭ_እጄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ነገ ጠዋት የማስረክባቸው፣ ከሬዚን (ፈሳሽ ሆኖ ተፈስሶ ከሚደርቅ ፕላስቲክ) የሠራኋቸው 12 ቁልፍ መያዣዎች አሉኝ። ሲወዘወዙ ውስጣቸው ያለው ብልጭልጭ ቀስ እያለ የሚወርደው ዓይነት። ዘይቱን የሞላሁበትን ቀዳዳ በሬዚን ደፈንኩት፣ ከዳሩ ዘይት ያወጣል። በአልኮል ጠርጌ ድጋሚ ደፈንኩ፣ አሁንም ያው ነው። ምን ይሻለኛል?

ቀስ_በቀስ፦
በአልኮል ጥረጊው።

ብልጭልጭ_እጄ፦
ወንድሜ፣ ጥያቄውን አንብበኸዋል?

የድሮ_ሰው፦
መጀመሪያ የያዛችሁትን ነገር እወቁት። ሲሊኮን ዘይት ማለት ሬዚን ከሻጋታ (ከቅርጽ ማውጫው) ጋር እንዳይጣበቅ የሚቀባው ነገር ነው። እሱ ላይ ሬዚን ጠብ አድርገሽ «ለምን አልያዘም» ትያለሽ? ውፍረቱ ደግሞ በሴንቲስቶክ ይለካል። ውሃ 1 ገደማ ነው። ዘይቱ 100 ከሆነ ብልጭልጩ ቶሎ ይወርዳል፣ 1000 ከሆነ ተንሳፎ ይቆያል። እኛ ስንጀምር ይህን የሚነግረን አልነበረም...

ሳቂታ፦
አባባ፣ እርስዎ ሳይጨርሱ ይነጋል 😂 እህቴ፣ «የሚያለቅስ ቁልፍ መያዣ» ብለሽ ዋጋውን ጨምሪበት።

ለምን_ግን፦
ሲሊኮን ዘይት ማን አስገደደሽ? እኔ የሕፃናት ገላ ዘይት ነው የምሞላው።

ጨረር፦
እሱም ዘይት ነው፣ ጠርዙን ከነካ ያው ነው። ይልቅ በምንድን ነው የደፈንሽው? በዩቪ መብራት በሚደርቀው ሬዚን ወይስ ሁለቱ ፈሳሽ በሚቀላቀለው፣ በኢፖክሲ?

ብልጭልጭ_እጄ፦
ሁለቱ በሚቀላቀለው። እስከ አፉ ሞልቼ ከላይ አንድ ጠብታ።

ጨረር፦
በያ፣ ችግሩ እሱ ነው። አንድ ሚሊ ሊትር ሲሊኮን ዘይት 0.97 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ኢፖክሲ ግን ከ1.1 አያንስም። ጠብታሽ እስኪደርቅ ሰዓታት ይፈጃል። በዚያ መሃል እሱ ይሰምጣል፣ ዘይቱ በጎኑ ሽቅብ ይወጣል።

የድሮውን መድፈኛ በእጅ ድሪል ቀስ ብለሽ አውጪ። በሲሪንጅ ትንሽ ዘይት ቅጂ፣ የስንዴ ፍሬ የምታህል አየር ትኑርበት። ቀዳዳውን ወደ ላይ አድርገሽ አቁሚው። አልኮል ይህን ዘይት እምብዛም አያሟሟውም፣ እስካሁን እያዳረስሽው ነበር። ስቴኪኒ ላይ ጥጥ ጠምጥመሽ፣ አኳራጅ በትንሹ ነክረሽ የቀዳዳውን ግድግዳ ጥረጊ። መስኮት ክፈቺ፣ እሳት አጠገብሽ አይኑር። ጥጡን በየጊዜው ለውጪ፣ ያው ጥጥ ዘይቱን መልሶ ይቀባዋል። በብርጭቆ ወረቀት የምትፈትጊው ከዚያ በኋላ ነው። ከዚያ ቀለም የሌለው ዩቪ ሬዚን፣ ስስ ጠብታ፣ ወዲያው መብራት። በእጅሽ ጨብጠሽ አታሙቂው፤ ውስጡ ያለው አየር ሲያብጥ ጠብታውን ይበሳዋል።

ቀስ_በቀስ፦
እኔም ጥረጊ ነው ያልኩት እኮ።

ለምን_ግን፦
ዘይት የነካውን ቁልፍ መያዣ ከሲሊኮን የተሠራ ሻጋታ ላይ እንዳታስቀምጪ። ሻጋታው ዘይቱን ይጠጣና ያብጣል። ሁለት ሻጋታ በልቶብኛል።

የድሮ_ሰው፦
የሕፃናት ዘይት አልነበር እንዴ የምትሞላው?

ለምን_ግን፦
ድሮ ነው 🙈

ብልጭልጭ_እጄ፦
ዩቪው ተገኘ! አንዱን እንዳልከኝ ሠርቼ ሶፍት ላይ በቀዳዳው ደፍቼዋለሁ። 11 ይቀራሉ። ቡና አፍሉልኝ።

ሳቂታ፦
ሦስት ቀን ሆነ። እህቴ፣ ሶፍቱ ደረቅ ነው?

ጨረር፦
እኔም እየጠበቅኩ ነው።