በጓሳ ዙሪያ በሌሊት ለሚጓዝ ሰው ከአውሬ መከላከያ ጠብመንጃ መያዝ ይበጃልን?

ጥያቄ፦ ከመሐል ሜዳ

ጤና ይስጥልኝ። በመንዝ ጌራ ምድር በእንስሳት ጤና ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። ጓሳ በተባለው የደጋ ሣር ምድር ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች የበግ ፈንጣጣ ክትባት ስንሰጥ በጎቹ ከበረት ሳይወጡ መድረስ ስላለብን፣ ብዙ ጊዜ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ የክትባቱን የበረዶ ሣጥን በትከሻዬ አንግቤ በእግሬ እነሣለሁ። መንገዱ ሁለት ሰዓት ያህል የሚፈጅ ሲሆን፣ ግማሹ ሰው በማይኖርበት ሜዳና በገደል አፋፍ የሚያልፍ ነው።

ባለፈው ሳምንት ሁለት ጅቦች ከወንዙ መሻገሪያ ጀምሮ እስከ መንደሩ አጥር ድረስ ተከተሉኝ። ስቆም ይቆማሉ፤ ስራመድ ይራመዳሉ። ባትሪዬን ባዞርኩባቸው ቁጥር ዐይናቸው አረንጓዴ ሆኖ ያበራል፤ ብርሃኑን ወደ መንገዴ ስመልሰው ደግሞ በሣሩ ላይ የእርምጃቸው ኮሽታ ይሰማኛል። አልነኩኝም፤ ነገር ግን ከደረስኩ በኋላ እጄ እየተንቀጠቀጠ መርፌ መያዝ አቅቶኝ ነበር።

አባቴ ፈቃድ ያለው ምንሽር አለው፤ «ይዘኸው ሂድ፣ ጠብመንጃ የያዘን ሰው ጅብ አይደፍረውም» ይለኛል። እናቴ በዚህ አትስማማም። በአላስካ የሚኖር አንድ የአገር ልጅ ደግሞ በዚያ አገር ወደ ዱር የሚገቡ ሰዎች ድብን ፈርተው መሣሪያ እንደሚይዙ አጫውቶኛል። በአካባቢያችን ነብርም አለና፣ ልምድና ዕውቀት ያላችሁ ሰዎች ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ከጣርማበር

ልጄ፣ ጠብመንጃ የሚጠላ ሰው አይደለሁም፤ ከቤታችን ግድግዳ ላይ ጠፍቶ አያውቅም። ነገር ግን የደረሰብኝን ልንገርህ።

ከሠላሳ ዓመት በፊት ከጣርማበር ወደ መንዝ በሚወስደው ደጋ ላይ ማለዳ ስጓዝ፣ ጉሙ ወርዶ ከአሥር ክንድ በላይ አያሳይም ነበር። ከፊት ለፊቴ፣ ከአንዲት ጅብራ ሥር፣ ጥቁር ነገር ቁጢጥ ብሎ አየሁ፤ ራሱን ዝቅ አደረገና መልሶ ወደ እኔ ቀና አለ። ሌሊቱን ሙሉ የጅብ ጩኸት ስሰማ ስላደርኩ ልቤ ሌላ ነገር አላሰበም። ቃታ ስቤ አነጣጠርኩ። ጣቴ ምላጩ ላይ ካረፈ በኋላ ያ ጥቁር ነገር አስነጠሰ። ጥቁር ባና ከራሱ እስከ እግሩ ተከናንቦ ከብርዱ የተጠለለ፣ ዕድሜው ከአሥር ዓመት የማይበልጥ የበግ እረኛ ነበር። አፍንጫውን በባናው ጫፍ እየጠረገ «እንደምን አደሩ» አለኝ። ምን ሊደርስበት እንደነበረ አላወቀም፤ እኔም አልነገርኩትም። ከዚያን ቀን ወዲህ በጉምና በጨለማ መንገድ ጠብመንጃ ይዤ ሄጄ አላውቅም። አንተ የምትሄድበት ሰዓት ደግሞ እረኛውም፣ ቤተ ክርስቲያን ሳሚውም፣ ውኃ ቀጂውም ባናውን ተከናንቦ የሚወጣበት ሰዓት ነው።

ስለ ጅብ ያየሁትን ልጨምርልህ። ጅብ የሚከተልህ ሊፈትንህ ነው፤ የሚጠብቀው የወደቀ፣ የተኛ፣ የሰከረ ወይም የሚሮጥ ሰው ነው። ስለዚህ አትሩጥ፣ ለማረፍ ብለህም አትቀመጥ። ፊትህን ወደ እሱ አዙር፤ ድምፅህን አጉልተህ ተናገር፤ ረጅም ዱላ ያዝ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰው አስከትል። ሁለት ሰው ሆነን ስንሄድ ጅብ ከሩቅ ዞሮ ሲያልፍ እንጂ ሲከተለን አላየሁም። ጠብመንጃውማ፣ ከትከሻ ወርዶ፣ ቃታ ተስቦ፣ ባትሪው በሌላው እጅ ተይዞ እስኪዘጋጅ ድረስ ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

መልስ፦ ከአንኮሬጅ፣ አላስካ

የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ በዚህ አገር ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። የአገሬ ሰው የአላስካን ነገር ሲያነሣ ዐይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ በዚህም ቢሆን ነገሩ እንደሚወራው ቀላል አይደለም።

እውነት ነው፣ እዚህ ብዙ ሰው ወደ ዱር ሲገባ ጠመንጃ ወይም ሽጉጥ ይይዛል። ሆኖም ቶም ስሚዝ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ በአላስካ ከ1883 እስከ 2009 ሰዎች መሣሪያ ይዘው ከድብ ጋር የተጋጠሙባቸውን 269 ክስተቶች መርምረው፣ በተኮሱትና መሣሪያ ይዘው ሳይተኩሱ በቀሩት መካከል በጉዳት ረገድ ልዩነት አላገኙም። ቀደም ብለው በ2008 ባወጡት ጥናት ደግሞ፣ ከበርበሬ ማቃጠያ ንጥረ ነገር የሚሠራውን የድብ መከላከያ ርጭት ይዘው ከድብ ጋር በቅርብ ርቀት ከተገናኙት ሰዎች 98 በመቶው ምንም ጉዳት ሳይደርስባቸው ተመልሰዋል። ሁለቱ ጥናቶች የተመለከቷቸው ክስተቶች አንድ ዓይነት ስላልሆኑ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር ልክ አይደለም፤ መሣሪያ መያዝ ብቻውን ዋስትና እንደማይሆን ግን በግልጽ ያሳያሉ።

ምክንያቱ የጊዜ ማነስ ነው። የሚንደረደር ቡናማ ድብ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል፤ 30 ሜትር ላይ ካየኸው ያለህ ጊዜ ሁለት ሰከንድ ገደማ ነው። በሁለት ሰከንድ ውስጥ አነጣጥሮ የሚሮጥ እንስሳን ከሚገድል ቦታ መምታት ዕለት ተዕለት የሚለማመድ ሰው ሥራ ነው። ቆስሎ ያመለጠ ድብ ደግሞ ከኋላ ለሚመጣው መንገደኛ የሚተርፍ አደጋ ነው፤ የነብርም ጠባይ በዚህ ረገድ የተለየ አይመስለኝም። ሕጉም ቢሆን ልቅ አይደለም። በአላስካ ሕይወቱን ለማዳን ድብ የገደለ ሰው ቆዳውን ከነጥፍሩና የራስ ቅሉን አውጥቶ ለመንግሥት ማስረከብና በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማስታወቅ አለበት።

እኔ ራሴ ዓሣ ለማጥመድ ስወጣ የምይዘው ርጭቱን ነው፤ በወንዝ ዳር ስሄድም ድቡ ሳያየኝ እንዳልደርስበት ጮክ ብዬ አወራለሁ። አብዛኛው ድብ የሰው ድምፅ ሲሰማ መንገዱን ይለውጣል።

መልስ፦ ከመንዝ ማማ

ሁላችሁም ጠብመንጃውን ባታጣጥሉት መልካም ነው። እኛ ቤት አውሬ በረት ሰብሮ በገባበት ሌሊት የተረፉት በጎች የተረፉት አባቴ ወደ ሰማይ በተኮሰው ጥይት ነው። መንገድ ሌላ፣ በረት ሌላ ነው ካላችሁ ግን እስማማለሁ፤ በበረት ዙሪያ ማን የት እንደተኛ ይታወቃል።

መልስ፦ በሕግ ሥራ ላይ ያለሁ፣ ከደብረ ብርሃን

ወንድሜ፣ የአባትዎ ፈቃድ የአባትዎ እንጂ የእርስዎ አይደለም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ መያዝን በፈቃድ ብቻ የወሰነ ስለሆነ፣ በውሰት የያዙት ምንሽር በመንገድ ላይ ቢገኝብዎ «ለጅብ ነው» የሚለው ምክንያት አያድንዎትም። የዱር እንስሳትም ቢሆኑ በአዋጅ የተጠበቁ ናቸው። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን በአሁኑ ጊዜ በሌሊት መሣሪያ አንግቦ ብቻውን የሚሄድን ሰው የሚያይ ሁሉ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው ብሎ አይገምትም። ከጅቡ ይልቅ ይህን ይፍሩ።

መልስ፦ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፣ ከደብረ ብርሃን

የሙያ ባልደረባዬ ስለሆኑ፣ ከላይ ያልተነሣ ነገር አስታውስዎታለሁ። በእኛ ሥራ ከመበላት ይልቅ የሚያሰጋው ንክሻው ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ውሻን ብቻ ሳይሆን ጅብንም፣ ቀይ ቀበሮንም ይይዛል። በጠራራ ፀሐይ ሰው ሳይፈራ ቀጥ ብሎ የሚመጣ፣ ያገኘውን ሁሉ የሚነክስ አውሬ ካዩ መጠርጠር ይገባዎታል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ሳያቋርጥ 15 ደቂቃ ማጠብና በዚያው ቀን ለክትባት ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። በሽታው ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን አይደለምና «ትንሽ ጭረት ናት» ብሎ ማደር አይቻልም። ከእንስሳት ጋር የምንውል ሰዎች ደግሞ ሳንነከስ አስቀድመን መከተብ ይገባናል፤ ይህን ካላደረጉ ከጠብመንጃው በፊት ያስቡበት። ብዙዎች የማያውቁት ነገር፣ ተጠርጣሪው እንስሳ ሲገደል ጭንቅላቱን በጥይት መምታት ምርመራውን ያበላሻል፤ በሽታው የሚረጋገጠው በአንጎሉ ነውና።

ስለ ጓሳ አንድ ነገር ልጨምር። በዓለም ላይ ያሉት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ከኢትዮጵያ ውጪም አይገኙም፤ ከእነዚህ ጥቂቶቹ የሚኖሩት በዚያው በጓሳ ነው። የመንዝ ሕዝብ ያንን የሣር ምድር ቀሮ በተባለው ባህላዊ የጥበቃ ሥርዓት ለዘመናት ጠብቆ ባያቆየው ኖሮ ዛሬ ባልነበሩ። ቀይ ቀበሮ አይጥ እያደነ የሚኖር፣ ሰውን የማይተናኮል እንስሳ ነው፤ በጨለማ ግን በባትሪ ብርሃን የሚታየው ሁለት የሚያበራ ዐይን ብቻ ስለሆነ፣ የፈራ ሰው ጅብ ነው ብሎ ቢተኩስበት አያስገርምም። ይህ እንዲሆን አልፈልግም።

ጠያቂው፦ ከመሐል ሜዳ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የእረኛውን ነገር ለአባቴ ሳነብለት ለረጅም ጊዜ ዝም አለና ምንሽሩን ከበሩ አጠገብ አንሥቶ ወደ ግድግዳው መለሰው። የቀበሌውን ሰዎችም አነጋግሬ፣ በዋዜማው ከሰዓት በኋላ በጊዜ ሄጄ ከአንድ ቤተሰብ ጋር እንዳድር ፈቅደውልኛል። የቀረኝ ጥያቄ ለሐኪሟ ነው፤ ክትባቱ በበረዶ ሣጥኑ ውስጥ ሌሊቱን ሳይበላሽ ያድርልኛልን?

የእንስሳት ሐኪሟ

ያድራል። የበረዶ እሽጎቹን በሚገባ አስረግተው ይውሰዱ፤ ሣጥኑን ከምድጃው ርቆ በቀዝቃዛው የቤቱ ክፍል ያስቀምጡት፤ ሌሊት ክዳኑን አይክፈቱ። የክትባቱን ዱቄት ማታ እንዳይበጠብጡት፤ ከተበጠበጠ በኋላ ኃይሉ የሚቆየው ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነውና፣ በጎቹ በረት ውስጥ ተሰብስበው በጎቹን የሚይዝልዎ ሰው በአጠገብዎ ሲቆም ይበጥብጡ።