ተጠቃሚው ጥቂት ለሆነ ሶፍትዌር የዴቢያን ፖሊሲ ይላላል ወይ?

የታቦር ልጅ (ሐዋሳ)
ሰላም ለሁላችሁ። የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ወደ ጎርጎርዮሳዊው የሚቀይር ትንሽ የፓይተን ፕሮግራም ዴቢያን ለሚባለው የሊኑክስ ሥርዓት ፓኬጅ (የሚጫን ጥቅል) አድርገን አቅርበን ነበር። ከሐዋሳ ጥቂት መሥሪያ ቤቶች ውጭ ብዙም አይታወቅም። ገምጋሚው አራት ነገር ጠቅሶ መለሰው፦ አቢሲኒካ የሚባለው የግዕዝ ፊደል ፎንት አብሮ ታሽጓል፣ የተጨመቀ ጃቫስክሪፕት ያለ ምንጩ ገብቷል፣ ቢልድ ሲደረግ (ከምንጭ ኮዱ ሲገነባ) ከኢንተርኔት ያወርዳል፣ የበዓላት ሰንጠረዡ ደግሞ «ለንግድ አይውልም» የሚል ፈቃድ አለው። ሊንትያን (የፓኬጅ ስህተት ፈታሹ) በዴብ ፋይሉ (በሚጫነው ፋይል) ላይ ከማስጠንቀቂያ በቀር ስህተት አላሳየም። ይህን ሁሉ መጠየቅ ተገቢ ነው? ከየት እንጀምር?

ጉዱማሌ
ተገቢ ነው። ፖሊሲው (ፓኬጅ ሁሉ የሚያሟላው የዴቢያን ደንብ) ተጠቃሚ አይቆጥርም፤ እንዲያውም ጥቂት ዓይን የሚያየው ፓኬጅ ሲበላሽ ቶሎ የሚያውቅለት የለም። ነገር ግን አራቱ እኩል አይከብዱም። ኮድን በግልባጭ አብሮ ማሸግ «ባይሆን ይመረጣል» የሚባል ነው። ቢልድ ላይ ኢንተርኔት መንካት ግን በሜይን (በዴቢያን ዋናው) ክፍል ክልክል ነው፤ ከባድ ባግ ይከፈትበትና ፓኬጁ ከቴስቲንግ (ቀጣዩ እትም ከሚዘጋጅበት ስብስብ) ይወጣል።

ሊንትያንን በዴቡ ላይ ብቻ ማስኬድ አይበቃም። በሶርስ (የምንጭ ኮድ) ፓኬጁም ላይ አስኪደው፤ ምንጭ የሌለውን ጃቫስክሪፕት የሚይዘው እዚያ ነው።

ጃቫስክሪፕቱንና ፎንቱን ኮፒራይት ፋይሉ ላይ «ፋይልስ-ኤክስክሉድድ» በሚለው መስመር ዘርዝራቸው። ዩስካን (የኦሪጅናሉን አዲስ ቨርዥን ፈልጎ የሚያወርደው መሣሪያ) ሲያወርድ ራሱ ያወጣቸዋል፤ ቨርዥኑ ላይ «+ዲኤፍኤስጂ» (የማይፈቀደው ወጥቶለታል የሚል ምልክት) ይጨመራል። ዩስካን መመሪያ የሚያነብበት ዎች ፋይል ውስጥ ይህን ቅጥያ እንዲዘለው ካላዘዝከው ግን ዩስካን በእጅህ ያለው ከኦሪጅናሉ ይበልጣል ብሎ ይሳሳታል። ፎንቱ «ፎንትስ-ሲል-አቢሲኒካ» በሚል ፓኬጅ ዴቢያን ውስጥ ስላለ ዲፔንድስ (የግድ የሚያስፈልጉ ፓኬጆች ዝርዝር) ላይ ጻፈው፤ ፕሮግራሙም በፋይል አድራሻ ሳይሆን በፎንትኮንፊግ (ፎንት ፈልጎ በሚያገኘው ላይብረሪ) በኩል በስሙ ይጥራው።

የታቦር ልጅ
የሰንጠረዡ ባለቤት ፈቃዱን አልቀይርም ቢልስ?

ሐይቅ ዳር
ያ ፈቃድ የዴቢያንን የነጻ ሶፍትዌር መመሪያ 6ኛ ነጥብ ይጥሳል፤ የሥራ መስክ ለይቶ መከልከል አይቻልም። ሁለት መንገድ አለህ። ሰንጠረዡን ለይተህ ኖን-ፍሪ (ነጻ ያልሆኑት) ክፍል ታስገባዋለህ፤ ያኔ ዋናው ፓኬጅ ሰጀስትስ («ቢኖር ጥሩ ነው») ብቻ ነው የሚለው፣ ዲፔንድስም ሪኮሜንድስም («አብሮ ቢጫን ይመከራል») አይፈቀድም፤ ያለ ሰንጠረዡም መሥራት አለበት። እኔ የምመርጠው ግን ቋሚ በዓላቱን ራሳችሁ ጽፋችሁ፣ ፋሲካንና ተከትለውት የሚዘዋወሩትን ከባሕረ ሐሳብ ስሌት በኮድ ማውጣት ነው። ስሌቱ የማንም ንብረት አይደለም።

ፖሊሲው የማይጠይቀውን አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ ለዚህ ፕሮግራም ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው እሱ ይመስለኛል። ገምጋሚው ጳጉሜን ላያውቅ ይችላል፤ ስለዚህ በኦቶፒኬጂቴስት (የተጫነ ፓኬጅን በራስ-ሰር በሚፈትነው መሣሪያ) ፈትኑት። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 መሆን አለበት፤ መስከረም 1 ቀን 2016 ደግሞ ሴፕቴምበር 12። ስህተት ብዙ ጊዜ የሚደበቀው በዚህ ድንበር ላይ ነው።

ጉዱማሌ
ኢንተርኔቱን በተመለከተ፦ ፒፕ (የፓይተን ጫኚው) የሚያወርዳቸውን ሁሉ ቢልድ-ዲፔንድስ (ለግንባታ የሚያስፈልጉ ፓኬጆች ዝርዝር) ላይ በዴቢያን ስማቸው ጻፉ። ፓይቢልድ (የፓይተን ፓኬጅ የሚገነባው መሣሪያ) ፕሮክሲውን ሆን ብሎ ወደማይሠራ ወደብ 9 ስለሚያዞር የቀረ ካለ እዚያው ይወድቃል። ከዚያ በኤስቢልድ (ፓኬጅን ለብቻው በተለየ ሥርዓት በሚገነባው መሣሪያ) በንጹህ ሲድ (በዴቢያን በልማት ላይ ባለው ስብስብ) ላይ ሞክሩት፤ ላፕቶፓችሁ ላይ ቀድሞ የተጫነ ነገር ጉድለቱን ይሸፍናል። ዳታ ቆጥባችሁ ለምትጠቀሙ አፕት-ካቸር-ኤንጂ (የወረዱ ፓኬጆችን የሚያስቀምጥ ፕሮክሲ) ጫኑ፣ በወደብ 3142 ይሠራል፤ አንዴ የወረደ ፓኬጅ በየሙከራው ደግሞ አይወርድም።